ለምርመራ ቀን ብቻ

ስድስት ነጭ ጋውን ትከሻዬ ላይ አንጠልጥዬ ዳገቱን እወጣ ነበር። ጋውኖቹን ለፋርማሲው ሠራተኞች ሦስት ቀን ሙሉ ሰፍቼ፣ በዚያ ጠዋት ማልጄ ተኩሼ ጨርሻቸዋለሁ። ልብስ ሰፊ ነኝ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቢቆምም ቁልፍና ክር ተጠቅልሎ የሚመጣልኝን ጋዜጣ ሳላነብ ጥዬ አላውቅም፤ ስለዚህ ከብዙ ነገር ግማሹን አውቃለሁ፣ ግማሹ በተቀደደው በኩል ቀርቶብኛል።

ከኋላዬ አሸዋ የጫነ መኪና መጣ። የዳገቱ ወገብ ላይ ሲደርስ ሾፌሩ ማርሽ ቀየረና ነዳጅ ረገጠ። ከማርሚታው፣ ከጭስ ማውጫ ቱቦው፣ የወጣውን ነገር ጭስ ብዬ ብጠራው ጭስን መስደብ ይሆንብኛል። ጥቁር ብርድ ልብስ ነበር። መንገዱን፣ የአትክልት ሻጯን ቲማቲም፣ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱትን ልጆች፣ እኔንና ጋውኖቼን አንድ ላይ ጠቅልሎ አለበሰን። ሲገለጥ ጋውኖቹ ነጭ እንደነበሩ የሚያውቅ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።

«አንተ! ዓይን የለህም?» ብዬ ጮኽኩ።

«ቢጮኹም አይሰማዎትም፤ ቁጥሩን ይዤዋለሁ፤» አለኝ ከአጠገቤ የሴት ድምፅ።

ዞር ስል ሰማያዊ የሥራ ካፖርት የለበሰች ወጣት መሐረቧን አፏ ላይ ይዛ ትንሽ ደብተር ላይ ትጽፋለች። ዓይኗ በእንባ ተሞልቷል፤ የጭሱ ይሁን የንዴቱ እንጃ። ለካ የባለ ጆሮው የእህት ልጅ ናት!

ባለ ጆሮው የሱቄን ግድግዳ የሚጋሩኝ የናፍጣ ፖምፓ ሠሪ ናቸው። መኪና ገና ከዳገቱ ሥር ሳለ «የዚህ ሦስተኛው ኖዝል ያንጠባጥባል» ይላሉ፤ ሲፈታ እውነትም ሦስተኛው ሆኖ ይገኛል። ስማቸው ተረስቶ ባለ ጆሮው ተብለው የቀሩት በዚህ ነው። ኖዝል ማለት ናፍጣውን እንደ ጉም በትኖ ሞተሩ ውስጥ የሚረጭ፣ ከጣት ብዙም የማይበልጥ ብረት ነው፤ ይህንንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ልጅቷ በእሳቸውና በሚስታቸው እጅ ያደገች፣ የቴክኒክ ኮሌጅ ጨርሳ የተሽከርካሪ ምርመራ ጣቢያ የተቀጠረች ናት። የመጀመሪያ ዩኒፎርሟን የሰፋሁላት እኔ ነኝ፤ እጅጌው ረዝሞባት ነበር፣ እስከ ዛሬ ትወቅሰኛለች።

«ደህና ነሽ፣ ልጄ?»

«ደህና አይደለሁም፣ ጋሽ ሰፊው። ይኼ አሁን ያጠነን መኪና ትናንት እኔው የፈረምኩለት ነው።»

«ምን ብለሽ?»

«‹ጭሱ ከተፈቀደው በታች ነው› ብዬ። መለኪያውን ማርሚታው ውስጥ ከትቼ፣ ነዳጁን ሦስቴ አስረግጬ፣ ሦስቴም ንጹህ! ትናንት እንደ ሕፃን ትንፋሽ የነበረው ዛሬ ይኸውልዎት።»

«መለኪያው ተበላሽቶ ይሆናላ።»

«መለኪያው ደህና ነው። የተበላሸው ሌላ ነገር ነው።» ደብተሯን ዘግታ ኪሷ ከተተች። «ሰኞ ጠዋት ለኃላፊዬ አንድ ወረቀት ማቅረብ አለብኝ። ወይ አጎቴን የሥራ ፈቃዱን የሚያስነጥቀው ነው፣ ወይ የእኔ የሥራ መልቀቂያ። ሁለቱንም ጽፌ ቦርሳዬ ውስጥ ይዣለሁ። አሁን ወደ እሱ እየሄድኩ ነው፤ ብቻዬን መግባት ግን ፈራሁ። አብረውኝ ይመጣሉ?»

ጋውኖቹን ማጠብ ነበረብኝ። ነገር ግን የጎረቤት ነገር እያለ ወደ ቤቱ የሚሄድ ልብስ ሰፊ እስካሁን አልተፈጠረም። ሄድኩ።

የባለ ጆሮው ወርክሾፕ ከታች፣ ቤታቸው ከላይ ነው፤ የሚያገናኛቸው አሥራ አራት ደረጃ ያለው የብረት መወጣጫ ነው። ከወርክሾፑ በር በላይ አንድ መስኮት አለ። ሚስታቸው እትዬ ድሮ በዚያ መስኮት ቁርሳቸውን በቅርጫት፣ በገመድ ያወርዱላቸው ነበር። መስኮቱ ከተዘጋ አራት ዓመት ሆኖታል። ሰፈሩ «ተኳርፈው ነው» ይላል፤ እውነቱን ለመናገር ባለ ጆሮውም የሚመስላቸው ይኸው ነበር።

ስንደርስ በሩ ላይ አንድ መኪና ሞተሩ ተነሥቶ ቆሟል። ባለ ጆሮው የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ ተክለው፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ደግነው፣ ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

«ዝም!» አሉን፣ ገና ሰላምታ ሳንሰጥ። ትንሽ ቆይተው «አራተኛው ነው» አሉና ሾፌሩን ሻይ ጠጥቶ እንዲመለስ አሰናበቱት። ሞተሩ ግን እንደተነሣ ቀረ። ከዚያ እኔን ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ምነው ጎረቤት፣ ስፌቱን ትተህ ከሰል መሸጥ ጀመርክ እንዴ?»

«የእርስዎ ደንበኛ ነው እንዲህ ያደረገኝ፣ ጋሼ። የአሸዋው መኪና።»

«እሱማ ጉልበተኛ ነው!» ፊታቸው በራ። «ፖምፓውን ባለፈው ወር ከፍቼለታለሁ። የናፍጣ መኪና ጥቁር ከጣለ ጠግቧል ማለት ነው። የማያጨሰው የተራበው ነው፤ ዳገት ላይ ያለቅሳል።»

«አጎቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለች ልጅቷ፤ ቆማ ነው የምትናገረው፣ በርጩማ ቢቀርብላትም አልተቀመጠችም። «ያ ጥጋብ ሳይሆን ትውከት ነው።»

«ምን አልሽ?»

«ኖዝሉ ሲያልቅ ናፍጣውን እንደ ጉም መርጨት ትቶ እንደ ቧንቧ ያንጠባጥበዋል። እርስዎ ደግሞ ፖምፓውን ከልኩ በላይ ከፍተው ያጎርሱታል። የአየር ፊልትሮው በአሸዋ ስለታፈነ ማላመጫ አየር የለውም። የጎረሰውን ማላመጥ ሲያቅተው ይተፋዋል። ዳገቱ ላይ ያየነው ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው።»

«እኔን ስለ ናፍጣ ልታስተምሪኝ? ሳትወለጂ እኮ ነው እጄ ናፍጣ መሽተት የጀመረው!»

«ያስተማሩኝማ እርስዎ ነዎት። የማፍረውም ለዚህ ነው።»

ባለ ጆሮው ወደ እኔ ዞሩ፤ ፍረደን ማለታቸው ነው። እኔ የጋውኖቹን አንገት ማስተካከል ጀመርኩ።

«እሺ፣ ያጭስ፤» አሉ ድምፃቸውን ለስለስ አድርገው። «ጭስ መውጫ አያጣም ይላል ያገራችን ሰው። ይወጣል፣ ነፋስ ይወስደዋል፣ አለቀ።»

«ነፋሱ ወዴት ነው የሚወስደው? ወደ ማን ቤት? እዚያስ ሰው የለም?» ልጅቷ እጇን ወደ ኮረብቶቹ ዘረጋች። «ከተማችን ጎድጓዳ ናት። ጠዋት ጠዋት ቀዝቃዛው አየር ከታች ይተኛል፣ ሞቃቱ ከላይ እንደ ክዳን ይጋደምበታል። ያጨስነው ሁሉ ክዳኑ ሥር ይቀራል። ጭስ መውጫ ባያጣ መግቢያም አያጣም፤ መግቢያው ሳንባችን ነው። ደግሞ ጋሽ ሰፊውን ያጠቆራቸው ይኼ የሚታየው ጥቀርሻ ደጉ ነው፤ በሳሙና ይለቃል። ክፉው የማይታየው ነው። ከፀጉር ውፍረት በብዙ እጥፍ የሚያንስ ብናኝ አለ፤ አፍንጫ አይዘው፣ ሳል አያወጣው። ከሳንባ አልፎ ደም ውስጥ ይገባል። ሕፃን በአስም ይታፈናል፣ አዋቂ ልቡ ይደክማል፣ እኛ ‹ብርድ መታው› ብለን እናልፋለን።»

ይህን ስትል እኔ ያሰብኩት ዳገቱ ላይ የነበሩትን ልጆች ነው። በየቀኑ ሁለት ጊዜ ያንን ዳገት ይወጡታል፤ ቁመታቸውም ልክ የማርሚታው አፍ ላይ ነው። አንዱ የሰው ጉሮሮ ውስጥ እጁን ቢከት ፖሊስ ይጠራል። ጥቀርሻ ሲከት ግን «ጉልበተኛ ነው» ይባላል!

ባለ ጆሮው ግን በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም።

«የእኔ መኪኖች ብቻቸውን ነው ከተማውን ያጠኑት? ማዶ ያለው የሲሚንቶ ፋብሪካ ጣሪያ ሁሉ አመድ ሲያለብስ ዝም! አትክልት ሻጯ ፌስታል ስታቃጥል ዝም! ዳቦ ቤቱ እርጥብ እንጨት ሲማግድ፣ የባንኩ ጀነሬተር ቀኑን ሙሉ ሲያጓራ፣ ያ ያላለቀ መንገድ አቧራውን ሲያቦን ዝም! ሁሉን ተዪውና ይኼ ሸንጎ አድርገሽ ይዘሽብኝ የመጣሽው ጎረቤቴ» ካቻቢቴውን ወደ እኔ ቀሰሩ፤ «በየቅዳሜው ከሱቁ ጀርባ ቁርጥራጭ ጨርቅ የሚያቃጥለውስ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የተባለችው ሴት ዝምድና ሳይኖረን አይቀርም።

«እውነት ነው፣ ጋሽ ሰፊው?» አለችኝ።

«ትንሽ ነው እኮ… ሁለት ከረጢት ያህል…»

«ያ ጨርቅ እኮ ከግማሹ በላይ ፕላስቲክ ነው። ሲቃጠል መርዝ ነው።»

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» አልኩ፤ ከዚያ በላይ መከላከያ አልነበረኝም።

ባለ ጆሮው ረክተው ተቀመጡ። እሷ ግን ንዴቷ ባሰ።

«ያሉት ሁሉ እውነት ነው፣ አጎቴ። አንዱንም አልክድም። ግን ይሄን ሰፈር ቤት ለቤት ብዞር ሁሉም የሚለኝ እርስዎ ያሉኝን ነው። ዳቦ ጋጋሪው ወደ ፋብሪካው ይጠቁማል፣ ፋብሪካው ወደ መኪናው፣ መኪናው ወደ አቧራው። ጣት ብቻ ነው የሚቀሰረው፤ ጭሱን የሚያነሣ እጅ የለም። ፋብሪካው ጭስ ማውጫው ላይ ማጣሪያ መግጠም አለበት፤ ካልገጠመ የሚያስገድደው ክፍል አለ፣ ያ ክፍል ከተኛ ጮኸን እንቀስቅሰው! አትክልት ሻጯ ፌስታል የምታቃጥለው ቆሻሻ የሚያነሣላት ስላጣች ነው፤ ማዘጋጃ ቤቱ በሳምንት ሁለቴ ያንሣላት። ዳቦ ጋጋሪው እንጨቱን አድርቆ ይማግድ፣ ከቻለ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጥ። መንገድ ሠሪው አቧራውን ውሃ ያርከፍክፍበት። ለሁለት ፌርማታ መንገድ መኪና የሚያስነሣው ሰው በእግሩ ይሂድ፤ ሩቅ ከሆነ በአውቶቡስ፤ አንድ አውቶቡስ የሚይዘው ሰው በየመኪናው ሲወጣ መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሞላዋል። እርስዎም ሾፌሩ ሻይ ሲጠጣ ይሄን ሞተር ያጥፉት!»

ባለ ጆሮው ሳያስቡት ተነሥተው ሞተሩን አጠፉት። ወርክሾፑ ጸጥ አለ። እኔ ያን ያህል ጸጥታ እዚያ ቤት ሰምቼ አላውቅም።

«ይሁን፤» አሉ ሲመለሱ። «ታዲያ ትልቁን ፋብሪካ ትተሽ ምስኪን አጎትሽ ላይ ለምን መጣሽ?»

«የእኔ ሥራ መኪና ስለሆነ። ሥራዬን ከንቱ ያደረገውም ፋብሪካው ስላልሆነ።» ወደ ሥራ ጠረጴዛቸው ጠቆመች። «መሳቢያዎት ውስጥ ያለችውን ጥቁር የጨርቅ ቦርሳ ያውጧት።»

ቦርሳዋን አውቃታለሁ። የሰፋኋት እኔ ነኝ። ስድስት ጠባብ ኪስ ያላት፣ ውስጧ ለስላሳ ገበር ያላት። «ምን ሊይዙባት ነው ጋሼ?» ስላቸው «ዕቃ» አሉኝ፤ ዕቃ ከሆነ ብዬ ሁለት ጊዜ ደርቤ ሰፋሁላቸው።

ባለ ጆሮው ትንሽ አመንትተው አወጧት። በየኪሱ አንዳንድ ኖዝል፣ ስድስቱም አንጸባራቂ፤ በስድስቱም አናት ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ቀይ ነጥብ።

«ይቺ ቀይ ነጥብ ምንድን ናት፣ አጎቴ?»

«የፋብሪካው ምልክት ናታ!» አሉ፤ የሚያውቁት ነገር በመጠየቃቸው ደስ ብሏቸው። «ኦሪጅናሉ ነው፤ አስመስለው የሚሠሩት ይቺ የለችውም። ለሾፌሩ ሁሉ ‹ቀይ ነጥቧን እያያችሁ ግዙ› እላለሁ።»

ልጅቷ ከካፖርቷ ኪስ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ የጥፍር ቀለም አውጥታ የሥራ ጠረጴዛው ላይ አቆመችው። ቀይ።

«ፋብሪካው እኔ ነኝ፤» አለች።

ሳቄ መጣ፤ የሁለቱን ፊት ሳይ ግን ተመለሰ።

«ከሁለት ወር በፊት አንድ የአሸዋ መኪና ለዓመታዊ ምርመራ መጣ። ሞተሩ በሙሉ ዘይትና ጥቀርሻ ለብሶ ስድስቱ ኖዝሎች ብቻ እንደ ሙሽራ ያበራሉ። ጠረጠርኩ። ሾፌሩ ቅጽ ሊሞላ ሲሄድ ነጥብ አደረግኩባቸው። ያንን ጨምሮ እስካሁን እነዚሁ ስድስት ኖዝሎች አሥራ አንድ መኪና ላይ ተገጥመው ፊቴ ቀርበዋል። መኪናው በዚያች ሰዓት ንጹህ ነው፤ መለኪያው ንጹህ ካለ ከመፈረም ሌላ ሥልጣን የለኝም። አሥራ አንዴ ፈረምኩ። መጀመሪያ የሚያበድራቸውን ማወቅ ፈለግኩ፤ ሳውቅ ደግሞ ያላወቅኩ መሆን ፈለግኩ።»

ባለ ጆሮው የጥፍር ቀለሙን አንሥተው አገላብጠው አዩት፤ መልሰው አስቀመጡት።

«ልጄ፣ ሾፌሮቹ ድሆች ናቸው። ሙሉ ስድስት አዲስ ኖዝል ከየት ያምጡ? ለምርመራ ቀን ብቻ እገጥምላቸዋለሁ፣ ፖምፓውንም ጠበቅ አደርግላቸዋለሁ፣ እዚያው ዕለት ፈትተው ይመልሱልኛል። ሰው ለሠርግ ካፖርት ይበደር የለም እንዴ? ምን ኃጢአት አለው?»

«ካፖርት የተበደረ ሰው ሠርገኛውን አፍኖ አይገድልም!» ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። «ንጹህ መሆን እንደሚችሉ ያውቃሉ! በአንድ ሰዓት ውስጥ ንጹህ ያደርጓቸዋል! አለማወቅ ቢሆን ባስተማርኩ፤ አለመቻል ቢሆን ባዘንኩ። እርስዎ ግን ንጽሕናን ለመለኪያው ያሳዩና ጥቀርሻውን ለሰው ይመልሱለታል። መለኪያ ሳንባ አለው? መለኪያ ይታመማል?»

«ያሳደገሽን ሰው!» ባለ ጆሮው ተነሡ፤ የአንገታቸው ሥር ተገትሯል። «በዚህ እጅ አብልቼ! ሂጂ ንገሪ! ፈቃዴን አስነጥቂ! ከዚያ በኋላ ግን እዚህ ቤት…»

ኳ።

የብረቱ መወጣጫ ነው። ሁላችንም ዞርን።

ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ከዚያ ቆመ። ትንፋሽ ሰማን፤ አጭር አጭር፣ መጨረሻው ላይ የሚሰነጠቅ። እንደገና ኳ፣ ኳ። እንደገና ቆመ። መውረድ ነበር፤ መውጣት እንኳ አልነበረም።

እትዬ ናቸው። አንድ እጃቸው መደገፊያውን ይዟል፣ በሌላው የተጠቀለለ ጨርቅ አቅፈዋል። ልጅቷ ሮጣ ደገፈቻቸው፤ በርጩማው ላይ ተቀምጠው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«ሁሉንም ሰምቻለሁ፤» አሉ ለባላቸው። «መስኮቱን ለምን እንደዘጋሁት ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

«ተቀይመሽኝ ነዋ… ያኔ ከወንድምሽ ጋር በተጋጨን ጊዜ…»

«እሱን በሳምንቱ ረስቼዋለሁ። ጥፋቱም የወንድሜ ነበር።» የተጠቀለለውን ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ፣ ከኖዝሎቹ አጠገብ ዘረጉት። የአልጋ ልብስ ቁራጮች ናቸው፤ ጫፋቸው ላይ አልፎ አልፎ ነጭ ይታያል፣ የቀረው ከሰል ነው። «በመስኮቱ ስንጥቅ የምወትፈው ነው። ረቡዕ የታጠበ ነው፤ ዛሬ ዓርብ ነው። አንተ ዕቃ ልትገዛ ስትወጣ አጥበዋለሁ፣ እንዳታየው ብዬ ጓዳ አሰጣዋለሁ። በእንጀራህ ላይ የመጣሁ እንዳይመስልህ ‹ብርድ ይመታኛል› አልኩህ። አንተም አመንክ።»

«አንቺ… አልነገርሽኝም እኮ።»

«መንገር ነበረብኝ? አንተ ከዳገቱ ሥር የኖዝል ጠብታ ትሰማለህ። ሾፌሩ ያልጠረጠረውን ትሰማለህ። እኔ አራት ዓመት ከጎንህ ተኝቼ ደረቴ ሲጮኽ አልሰማህም?»

ባለ ጆሮው ቀስ ብለው ተጠጉ። እኔና ልጅቷ እያለን፣ ያ ኩሩ ሰው፣ ጎንበስ አሉና ጆሯቸውን የሚስታቸው ጀርባ ላይ አኖሩ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንደ ልማዳቸው «ዝም!» አላሉም፤ ማንም የሚናገር አልነበረም።

ብዙ ቆዩ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ተለዋውጧል።

«ያፏጫል፤» አሉ በቀስታ። «እንደታፈነ ፊልትሮ ነው የሚያፏጨው።» ከዚያ ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ፣ «ይሄ ድምፅ ያለበት ሞተር ቢመጣልኝ ‹ዛሬውኑ ካልተፈታ አልነካም› ነበር የምለው።»

ክርክር አሸነፈ አልልም። የልጅቷን ቃል ሁሉ ያውቁት ነበር፤ ከእርሷ በፊት ያውቁት ነበር። ሰው ግን የሚያውቀውን ነገር ወደ ገዛ ቤቱ እስኪገባ ድረስ በሩቅ ያቆመዋል። እኔስ? ያቺን ቦርሳ ስሰፋ ደጋግሜ አልጠየቅኩም። ደርቤ ሰፋሁ እንጂ።

ባለ ጆሮው ስድስቱን ኖዝሎች አንሥተው አንዱን የብረት መያዣው ሞርሳ ላይ አሰሩት፣ መዶሻም አነሡ።

«ኧረ አይስበሩት!» ጮኸች ልጅቷ። «ማስረጃ ነው!»

መዶሻው አየር ላይ ቀረ። እትዬ መጀመሪያ ሳቁ፣ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፣ ሳሉም እስኪያልፍ ሁላችንም ጠበቅን። ከዚያ ባለ ጆሮው ኖዝሉን ፈትተው፣ በናፍጣ ጨርቅ ሳይሆን በንጹህ መሐረባቸው ጠርገው፣ ስድስቱንም ወደ ቦርሳዋ መለሱና ለእህታቸው ልጅ ሰጧት።

«መልቀቂያውን ቅደጂው። የእኔን ወረቀት ስጪ። ሰኞ ብቻሽን አትሄጂም፤ አሥራ አንዱ መኪናዎች የማን እንደሆኑ እኔ ነኝ የማውቀው።»

አብረዋት ሄዱ። ወርክሾፑ ሦስት ወር ታሸገ። አሥራ አንዱም መኪናዎች ተጠርተው እንደገና ተመረመሩ፤ አሥራ አንዱም ወደቁ። ከሾፌሮቹ አንዳንዶቹ በባለ ጆሮው በር ሲያልፉ ይተፉ ነበር። ሁለቱ ሌላ ሰፈር ያለ፣ እንደ ድሮው የሚያበድር ሠሪ አግኝተው ሄዱ፤ እንዲህ ያለው ሰው አንድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይሄን ታሪክ መጻፍ ባላስፈለገኝም። የቀሩት ዘጠኙ ግን ከሦስት ወር በኋላ ተመለሱ። ባለ ጆሮው ኖዝሎቻቸውን ለወጡ፤ መክፈል ላልቻለው በየጊዜው እንዲሰጣቸው ተስማሙ። ፖምፓውን በልኩ አሰሩ፣ የአየር ፊልትሮውን በየሳምንቱ እንዲያራግፉ አስማሏቸው። በሩ ላይም ሰሌዳ ሰቀሉ፤ ፊደሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ፦ «ለምርመራ ቀን ብቻ አንሠራም።»

ያ ጉልበተኛ የአሸዋ መኪና አሁን ዳገቱን ሲወጣ ከኋላው ያለውን ሰው ፊት ማየት ይቻላል። ሾፌሩ መጀመሪያ «መኪናዬን አደከሙብኝ» ብሎ አጉረመረመ፤ በወሩ ግን መጥቶ አንድ በርሜል ናፍጣ ድሮ ከሚያደርሰው አራት ቀን አልፎ እንዳደረሰው በሹክሹክታ ነገረኝ። ጮክ ብሎ ለመናገር አፈረ፤ ለስንት ዓመት ነዳጁን ሰው ፊት ላይ ሲደፋ እንደኖረ ገብቶታላ። አትክልት ሻጯ ቲማቲሟን ሦስቴ ማጠብ ትታለች። የትምህርት ቤቱ በመንገድ በኩል ያሉት መስኮቶች በጠዋት ይከፈታሉ። እኔ ቁርጥራጭ ጨርቄን ትራስ ለሚሞላው ሰው እሰጣለሁ፤ እሱም ደስ ብሎት ይወስዳል፤ ለስንት ዓመት የሰው ትራስ ሳቃጥል ኖሬአለሁ! የቆሻሻ መኪና በሳምንት አንዴ መምጣት ጀምሯል፤ የጠየቅነው ሁለቴ እንዲመጣ ነው፣ አልተውናቸውም።

ፋብሪካው ግን ዛሬም ያጨሳል። ይሄን ስጽፍ ጣሪያዬ ላይ አመዱ አለ። የአቤቱታ ፊርማ ይዘን ሦስት ቢሮ ዞረናል፤ አንዱ ወደ አንዱ ይጠቁማል፣ የሰፈራችንን ጣት እዚያም አገኘነው። አራተኛው ቢሮ ሐሙስ ቀጥሮናል። አንደኛ ተራ ላይ የፈረሙት ባለ ጆሮው ናቸው። «መጀመሪያ የራሴን ጠርጌ ነው የመጣሁት» ብለው ነው በየቢሮው የሚገቡት፤ ጋውኑ ንጹህ የሆነ ሰው ነው ደፍሮ የሚጮኸው።

የመረመራቸው ሐኪም እትዬን «የተጎዳው ሁሉ አይመለስም፤ የቀረውን ግን ማዳን ይቻላል» ብሏቸዋል። ትናንት ጠዋት ከባለ ጆሮው ጋር በሩ ላይ ቆሜ ሳወራ እትዬ ከገበያ ተመልሰው ወደ ላይ መውጣት ጀመሩ። ባለ ጆሮው እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ፤ «ዝም!»

ኳ፣ ኳ፣ ኳ፣ ኳ… ቆመ።

«አሥራ አንድ፤» አሉ። «ባለፈው ወር ስምንተኛው ላይ ነበር የምትቆመው።»

እትዬ አረፍ ብለው የቀሩትን ሦስቱን ወጡ። ትንሽ ቆይቶ ከላይ መስኮቱ ተከፈተ፤ ከአራት ዓመት በላይ ያልተነካው ማጠፊያ እንደ ተረገጠ ድመት ጮኸ፣ ቅርጫቱም በገመዱ እየተወዛወዘ ወረደ።

«ምነው ጋሼ፣» አልኳቸው፣ «የዘይት ቆርቆሮ መሀል እየዋሉ ያቺን ማጠፊያ ጠብ ቢያደርጉባት?»

«እንዳትነካት፤» አሉኝ ቅርጫቱን እየተቀበሉ። «በየጠዋቱ መስማት እፈልጋለሁ።»